የተነሳው ፎቶ የት ተቀመጠ?

በአማርኛ ፎቶ ይነሳል እንጂ አይሣልም፤ ካሜራ ፊት የቆመው ሰው ራሱ «ፎቶ ተነሳሁ» ነው የሚለው። የተነሳ ነገር ደግሞ አንድ ቦታ መቀመጡ አይቀርም። በሰሜን ሸዋ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ደጋ ያለፈ ዘመን በፎቶ ለምን ሳሳ ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ ማን አነሳ ከማለቱ በፊት ተነስቶ የት ተቀመጠ ቢል የሚሻል ይመስለኛል። ለንጽጽር እንግሊዝን እንይ፤ በንግሥት ቪክቶሪያና በልጇ በኤድዋርድ ዘመን የእንግሊዝ ዘዋሪ ፎቶ አንሺ ጨለማ ክፍሉን በጋሪ ጭኖ ከመንደር መንደር ይዞር ነበር። ጨለማ ክፍል የግድ ነበር፤ በዚያን ጊዜው ዘዴ መስታወቱ ላይ የሚቀባው መድኃኒት ሳይደርቅ፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ፎቶው ተነስቶ ማለቅ ነበረበት። ኋላ በደረቅ መስታወት ሲተካ ሥራው ቀለለ፤ ከ1902 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ ደግሞ መልእክትና አድራሻ በአንድ ገጽ የሚጻፍበት ፖስትካርድ ሲፈቀድ የመንደር ፎቶ እንደ ዳቦ ተሸጠ። ዋናው ነገር ፎቶው ከተነሺው ቤት መቅረቱ ነው። በሰሜን ሸዋ ግን ካሜራ ገብቶ ሙያው ሳይገባ ቀረ።

ካሜራ መድረሱማ ደርሷል። በ1868 እንግሊዞች መቅደላን ሲወጉ የጦሩ መሐንዲሶች ካሜራ ይዘው መጥተዋል። አፄ ቴዎድሮስ በሕይወታቸው የተነሱት ፎቶ የለም፤ ልጃቸው ዓለማየሁ ግን በዚያው ዓመት ዋይት በተባለችው የእንግሊዝ ደሴት በጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን ተነስቷል፤ ያም ፎቶ እዚያው ቀረ። ወደ መንዝ ይበልጥ የቀረበው ካሜራ የአንኮበሩ ነው። የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር መልእክተኞች በ1876 ሸዋ ገብተው ከአንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ ላይ ሰፈሩ፤ መሪያቸው አንቲኖሪ በ1882 እዚያው ሞተ። ኋላ በጣቢያው የተቀመጠው ሐኪሙ ትራቬርሲ የሸዋን ሰውና አገር አንስቷል። በ1879 አንኮበር የደረሰው የስዊዝ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግም እንዲሁ። የኢልግ ፎቶዎች ዛሬ ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዘክር ውስጥ ናቸው። ከአንኮበር ሽቅብ መንዝ ድረስ የቀናት መንገድ ነው፤ ፎቶው ግን ቁልቁል ወርዶ ባሕር ተሻገረ።

ለፎቶው መሳሳት የሚሰጠው የተለመደ ምክንያት እምነት ነው፤ ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ተቃወሙ፣ ባላገሩም መልኬን ይወስድብኛል ብሎ ፈራ ይባላል። የፈራ ሰው አልነበረም አልልም። ነገር ግን ይህ ሕዝብ ለመልክ ባዳ አልነበረም። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያሠራ ሰው በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ፣ አጠገቡ «ተማኅፀነ» ተብሎ ከነስሙ መሣሉ የቆየ ልማድ ነው። ጻድቅ በሙሉ ፊት በሁለት ዓይን፣ ርኩስ በጎን ባንድ ዓይን ይሣላል፤ ካሜራን ፊት ለፊት መመልከት እንግዲህ የጻድቅ አቀማመጥ ነበር። ከዚህም የሚበልጥ ማስረጃ ከሐረር አለ። የፈረንሳዩ ገጣሚ አርተር ራምቦ ካሜራ ከአገሩ አዞ ከዓመት በላይ ከጠበቀ በኋላ በ1883 ሐረር ላይ ማንሳት ሲጀምር፣ ሁሉም መነሳት እንደሚፈልግ፣ ላንድ ፎቶ አንድ የእንግሊዝ ወርቅ የሚሰጥ እንኳ እንዳለ ለቤተሰቡ ጽፏል። ሐረር የእስላም ከተማ ናት፣ የመንዝን ካህን አትወክልም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን መልክን መሣል በክርስቲያኑ ደጋ ይበልጥ የተለመደ ሆኖ ሳለ ፍርሃቱ እዚህ ይብሳል ማለት ይከብዳል። ሐረርን የሚለያት ሌላ ነገር ነው፤ ጥሬ ገንዘብ የሚዘዋወርባት የንግድ ከተማ መሆኗ።

መንዝ ውስጥ ግን ግብሩ እህልና ጉልበት፣ ሸቀጡ በግ፣ ባና እና በርኖስ፣ ዝርዝሩ አሞሌ ጨው ነበር፤ ማርያ ቴሬዛ ብር ለትልቅ ጉዳይ ትወጣለች። ታዲያ አዝማሪውም፣ ክታብ ጻፊው ደብተራም፣ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊውም በእህልና በምሳ እየኖሩ ዞረዋል፤ ፎቶ አንሺው ለምን አቃተው? ልዩነቱ ከዕቃው ላይ ነው። ደብተራው ብራናውን ከመንደሩ ፍየል፣ ቀለሙን ከመንደሩ ጥላሸት ያወጣል። ሠዓሊው ከባሕር ማዶ የመጣ ሰማያዊ ቀለም ቢገዛም አንዴ ገዝቶ ግድግዳ ይሞላበታል፤ ከፋዩም ደብሩ ነው። ፎቶ አንሺው ግን ባነሳ ቁጥር መስታወትና ከብር የሚሠራ መድኃኒት ያልቅበታል፤ ያንን ደግሞ የኤደን ወደብ ነጋዴ በበግ አይሸጥለትም። መንገዱም ቀላል አልነበረም፤ ይኸው ራምቦ በ1886 ጥቅምት ከታጁራ ተነስቶ አንኮበር የገባው በተከታዩ የካቲት ነው። ከዚያ ወዲያ መርሐቤቴ ለመግባት የጀማን ወይም የወንጪትን ወንዝ ገደል መስታወት በበቅሎ ጭኖ መውረድና መውጣት አለ። ውሃው እንኳ አይታመንም ነበር፤ ራምቦ ሐረር ላይ ያነሳቸው ፎቶዎች ያጠበበት ውሃ መጥፎ ስለነበር ነጥተውበታል። ካሜራውን በ1885 ሸጠው፤ ደንበኛ ያልጠፋበት ሰው ከተወው መንዝ ላይ ማን ይሞክረዋል?

በዚያ ላይ ቤተ መንግሥቱ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ በ1886 የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ስትደምቅ ደግሞ ወደዚያ ወረደ፤ ካሜራውም ተከተለው። አርመኑ ቤድሮስ ቦያጂያን የአፄ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ለንግሥት ዘውዲቱና ለአፄ ኃይለ ሥላሴ አነሱ። የጅቡቲው ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የወራቱ ጉዞ አጠረ፣ ሙያውም በገንዘብ መተዳደር ቻለ። ይህ ግን የእንግሊዙ ተቃራኒ ነው፤ እዚያ ፎቶ አንሺው ወደ ባላገሩ ይዞራል፣ እዚህ ባላገሩ ወደ ፎቶ አንሺው ይወርዳል። ጌታውን ተከትሎ፣ ለሙግት ወይም ለገበያ ከመንዝ፣ ከላሎ ምድር ወይም ከማማ ምድር የወረደ ሰው፣ ብሯ ከተገኘች፣ ከነበርኖሱ ካሜራ ፊት ሊቆም ይችል ነበር። ወረቀቱንም እዚያው በርኖስ ሥር ሸጉጦ ዳገቱን መልሶ ሊወጣ።