ምስክር ያላገኘ ሙያ

ድጓ የተማረ ሰው ሁሉ ቤተ ልሔምን ያውቃል። ጋይንት ውስጥ ያለችው ይህች ደብር የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ተማሪው ከጎጃም ይምጣ ከወሎ፣ ዓመታት ለፍቶ እዚያ ከተመሰከረለት ሙያው በአገር ሁሉ የታወቀ ይሆናል። «የት ተመሰከርክ?» ሲሉት «ቤተ ልሔም» ካለ በቃ፣ ሌላ ጥያቄ የለም።

እኔ ዛሬ ማንሣት የፈለግሁት ግን በዚያው በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ምስክር ሳያገኝ የኖረውን ሌላውን ባለሙያ ነው። ማረሻ ሠሪውን።

«የግብርና ግብዓት አቅራቢ» የሚባል ስም አለን። ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘር፣ ፀረ ተባይ የሚያቀርብ ማለት ነው። ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ሥራው የቆየ ነው። ገበሬው ሞፈሩን፣ ቀንበሩንና ድግሩን ራሱ ይጠርባል። ማረሻውንና ወገሉን ግን ከቀጥቃጭ ነው የሚያገኘው። ማረሻው ሲዶለዱም ያው ሰው ዘንድ ተመልሶ እሳት ይገባል፣ ይቀጠቀጣል። መሬቴ ድንጋያም ነው፣ በሬዬ ደካማ ነው፣ እስቲ አጠር አድርግልኝ፣ ሹል አድርግልኝ... እንዲህ እየተባባሉ ነው የሚሠሩት። በየዐውደ ጥናቱ «ፈጠራ» የሚባለው ከደንበኛው ችግር ተነሥቶ ዕቃን ማሻሻል ከሆነ፣ ወናፉ አጠገብ ሲደረግ ኖሯል። የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ማረሻ ይወጣዋል ብሎ ቀጥቃጩን ያሠለጠነው ማንም የለም።

ታዲያ ለምን አላደገም? ከአንድ ወናፍ ሁለት፣ ከሁለቱም ፋብሪካ ለምን አልወጣም?

ድህነቱ አለ፤ ብረቱም ውድ ነበር። እኔ ግን ትልቁን ድርሻ ለስድባችን እሰጣለሁ። በጎንደር ምድር ብዙዎቹ ቀጥቃጮች ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። አብዛኞቹ ርስት የላቸውም። ጠይብ ይባላሉ፣ ቡዳ ይባላሉ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ይባላል። ገበሬው የሠሩለትን ማረሻ ተሸክሞ እየሄደ ልጁን ከዓይናቸው ይሸሽጋል። (ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የቡዳ ተረት የማያውቅ ተማሪ አልገጠመኝም። ማረሻው የሚመሰገንበት ተረት ያመጣልኝ ግን የለም።) እንዲህ ባለ ሙያ ላይ ማን ገንዘቡን ያፈስበታል?

አንድ ጊዜ ዕድሉ ደጃፍ ድረስ መጥቶ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ የአውሮፓ ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን ከአገሬው ሰዎች ጋር አድርገው መድፍ አስቀለጡ። ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. በመቶ በሚቆጠሩ ሰዎች እየተጎተተ በጋይንት አለፈ፤ ጨጨሆን ወጥቶ መቅደላ ገባ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ጠርገዋል። አልወቅሳቸውም፤ ጭንቃቸው ሌላ ነበር። ብቻ ጋፋት የሚታወሰው በመድፍ ነው፤ በማረሻ አይደለም። መድፉም ዛሬ ድረስ መቅደላ ላይ ተጋድሟል።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ። ትልቅ ዐዋጅ ነው። ስድቡ ግን ዐዋጅ ሰምቶ የሚሄድ ዓይነት አልነበረም፤ የሄዱት ተሰዳቢዎቹ ናቸው። ከቤተ እስራኤላውያኑ ብዙዎቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ጉዞዎች ወደ እስራኤል ሲሻገሩ እጃቸውን ይዘው ሄዱ።

ሁለተኛው አቅራቢ የማዳበሪያ ነጋዴው ነው። በደርግ ጊዜ ማዳበሪያ የመንግሥት ድርጅት ሥራ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ገበያው ተከፈተና በየወረዳው ትንንሽ ቸርቻሪዎች በቀሉ። ብዙ አልቆዩም። ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ የኤክስቴንሽኑ ፓኬጅ ሲስፋፋ ክልሎች ዋስ የሆኑበት ብድር መጣ፤ ማዳበሪያውም በዱቤ ይታደል ጀመር። ጥቅሙን አልክድም፤ ብዙ ገበሬ ማዳበሪያ የለመደው በዚያ ነው። ነገር ግን በጥሬ ገንዘብ የሚሸጥ ባለሱቅ ከዱቤ ጋር እንዴት ይወዳደር? በ1990ዎቹ አጋማሽ ቸርቻሪዎቹ ከሞላ ጎደል ከገበያው ወጥተው ሥራው ለመንግሥትና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ቀረ።

እንግዲህ ማዳበሪያው ሲዘገይ ገበሬው ማኅበሩ ጋ ይሄዳል፤ ማኅበሩ ወደ ዩኒየኑ፣ ዩኒየኑ ወደ ላይ ያመለክተዋል። ማረሻው የታጠፈበት ግን የቀጥቃጩን ቤት ያውቀዋል፤ በማግስቱ ማለዳ ደጁ ላይ ቆሞ ይጨቃጨቀዋል።