ለ4ኬ ስክሪን የሚመጥን ገመድ እንዴት ይመረጣል?

አዲስ ቴሌቪዥን ገዝቶ ምስሉ የሚቆራረጥበት ሰው ጥፋቱን በአብዛኛው የሚያሳርፈው በቴሌቪዥኑ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ችግሩ ምስሉን ወደ ስክሪኑ ከሚያደርሰው ገመድ ሊመነጭ ይችላል። በአንጻሩ ለማያስፈልገው ገመድ ከፍተኛ ገንዘብ የሚያወጣ ገዢም አለ። ከሁለቱም ኪሳራ ለመዳን ገመዱ የሚሸከመውን የመረጃ መጠን ማወቅ ይበጃል።

ሙሉ ኤችዲ የሚባለው ስክሪን 1920 በ1080 ነጥቦች ወይም ፒክስሎች ሲኖሩት፣ የ4ኬ ስክሪን ደግሞ 3840 በ2160 አለው። ይህም ከ8 ሚሊዮን በላይ ነጥብ፣ የሙሉ ኤችዲ አራት እጥፍ ማለት ነው። ምስሉ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲታደስ የቀለም መረጃው ብቻ ወደ 12 ጊጋቢት ይጠጋል፤ አብረውት የሚጓዙት ረዳት ምልክቶች ሲታከሉ 18 ጊጋቢት የሚችል ገመድ ያስፈልጋል።

ነገሩ ከመስኖ ቦይ ጋር ይመሳሰላል። ቦዩ ከጠበበ ውኃው ማሳው ላይ አይደርስም፤ ምንጩ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ቦዩን ማስፋት ውኃ አይጨምርም።

የኤችዲኤምአይ ገመድ ደረጃዎች

በቴሌቪዥንና በሪሲቨር ላይ በብዛት የሚገኘው ኤችዲኤምአይ ነው። ገመዱ የሚለየው በማሸጊያው ላይ በሚጻፈው የደረጃ ስም ነው።

• ሃይ ስፒድ፦ እስከ 10.2 ጊጋቢት በሰከንድ ያስተላልፋል። ለሙሉ ኤችዲ ይበቃል፤ 4ኬን ግን በሰከንድ እስከ 30 ምስል ብቻ ያሳያል።
• ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ፦ 18 ጊጋቢት ይሸከማል። ለ4ኬ በ60 ምስል ተስማሚ ነው።
• አልትራ ሃይ ስፒድ፦ 48 ጊጋቢት ይደርሳል። ለ4ኬ በ120 ምስልና ለ8ኬ የተዘጋጀ ነው።

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሕጋዊ ማረጋገጫ ካላቸው በስልክ ሊነበብ የሚችል መለያ በማሸጊያቸው ላይ ይለጠፋል።

ምንጩን አስቀድሞ መለየት

በዲሽ የሚታዩት የሀገር ውስጥ ጣቢያዎች በኤችዲ ወይም ከዚያ ባነሰ ጥራት የሚሠራጩ በመሆናቸው፣ ቴሌቪዥኑ 4ኬ ቢሆንም ለሪሲቨሩ ሃይ ስፒድ ገመድ በቂ ነው። የተሻለው ገመድ የሚያስፈልገው 4ኬ ምስል ለሚያወጣ ኮምፒውተር፣ የጌም ማጫወቻ ወይም ሌላ መሣሪያ ነው።

ለኮምፒውተር ስክሪን ዲስፕሌይፖርትም ጥሩ አማራጭ ነው፤ ከ1.2 እትም ጀምሮ 4ኬን በ60 ምስል ያስተላልፋል። በ1987 (እ.ኤ.አ.) የመጣው ቪጂኤ ግን ድምፅ አያስተላልፍም፤ ለ4ኬም አይመከርም። የዩኤስቢ-ሲ መሰኪያ ያለው ኮምፒውተር ሁሉም ምስል የሚያወጣ ስላልሆነ፣ ገመድ ከመግዛት በፊት የመሣሪያውን መመሪያ ማየት ያስፈልጋል።

ርዝመትና ዋጋ

ገመዱ በረዘመ ቁጥር ምልክቱ ይደክማል። ስለዚህ ለቦታው የሚበቃውን አጭር ገመድ መምረጥ ይመረጣል። በሰፊ አዳራሽ ውስጥ ፕሮጀክተር ከሩቅ ለማገናኘት በውስጡ የብርሃን ቃጫ ያለው ገመድ ይሠራል። ይህ ገመድ አቅጣጫ ስላለው የትኛው ጫፍ በኮምፒውተሩ፣ የትኛው በስክሪኑ ላይ እንደሚሰካ የተጻፈበትን ማየት ይገባል።

ዋጋ ብቻውን የጥራት ማረጋገጫ አይደለም። መረጃው በዲጂታል መንገድ ስለሚጓዝ፣ በትክክል የሚሠራ ርካሽ ገመድና ውድ ገመድ የሚያሳዩት ምስል አንድ ነው። በጫፉ ላይ ያለው የወርቅ ቅብም ዝገትን ይከላከላል እንጂ ምስሉን አያጠራም።

ምስሉ ሲበላሽ

ብልጭ ድርግም የሚሉ ነጠብጣቦች መታየት፣ ምስሉ ለአፍታ መጥፋት ወይም ስክሪኑ መጥቆር የደከመ ገመድ ምልክቶች ናቸው። በቅድሚያ ገመዱን ነቅሎ በደንብ መሰካት፣ ቀጥሎም በሌላ መሰኪያና በሌላ ገመድ መሞከር ያስፈልጋል። በአንዳንድ ቴሌቪዥኖች 4ኬን በ60 ምስል የሚቀበሉት የተወሰኑት መሰኪያዎች ብቻ ናቸው፤ በማስተካከያው ውስጥ ካልተከፈቱም አይሠሩም። ቴሌቪዥኑን ወደ ጥገና ከመውሰድ በፊት እነዚህን መፈተሽ ገንዘብና ጊዜ ያድናል።