ከሊማሊሞ ቁልቁል እስከ ምጽዋ፦ የ«ኢትዮጵያ» መርከብ ዕድሜ

ከደባርቅ በስተሰሜን ጥቂት እንደሄዱ ደጋው በድንገት ያልቃል። ከዚያ በኋላ ሊማሊሞ ነው። መንገዱ ገደሉን እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ቆላ ይወርዳል። ጠዋት ጋቢውን ተከናንቦ የተሳፈረ ሰው አዲ አርቃይ ሳይደርስ ጋቢውን አጣጥፎ ጭኑ ላይ ያስቀምጠዋል። ይህ መንገድ በአንድ ወቅት የባሕር መንገድ ነበር። ከጎንደር የተነሳ መንገደኛ በዳባትና በደባርቅ አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ በሽሬ አሥመራ ይገባ ነበር፤ ከዚያ ምጽዋ ቅርብ ናት። መንገዱን የሠራው ጣሊያን ነው። የጣሊያኑ አዛዥ የስታራቼ ጦር ከአሥመራ ተነስቶ መጋቢት 1928 ዓ.ም. ጎንደር ገባ። ከአምስት ዓመት ተኩል በኋላ፣ መስከረም 1934 ዓ.ም.፣ የወልቀፊት የጣሊያን ምሽግ እጁን ሲሰጥ መንገዱ ለእኛ ቀረ።

ስሜንና ባሕር ምን አገናኛቸው የሚል ሰው ደጃዝማች ውቤን ያስታውስ። ከስሜን ተነስቶ ትግሬን ጭምር የገዛው ውቤ ጠመንጃ የሚገባለት በምጽዋ በኩል ስለነበር፣ ጦሩን ሕርጊጎ ድረስ ልኳል። ወደቡን ግን አልያዘም። የካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ተሸነፈ፤ ራሱ ባሠራት ደረስጌ ማርያም ውስጥም ዘውዱን የጫነው አሸናፊው ካሣ፣ አፄ ቴዎድሮስ ሆነ። የሚገርመው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የውቤ ልጅ ጥሩወርቅ ከቴዎድሮስ የወለደችው አለማየሁ፣ ከመቅደላ ውድቀት በኋላ በ7 ዓመቱ በእንግሊዝ መርከብ ተጭኖ ቀይ ባሕርን ተሻገረ። አያት በጦር የፈለጉትን ባሕር የልጅ ልጅ ያየው በምርኮ ነው።

አገሪቱ የራሷን ባሕር ኃይል ለማቋቋም ደግሞ አንድ መቶ ዓመት ገደማ ፈጀባት። ኤርትራ በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች በኋላ፣ በ1940ዎቹ ማብቂያ፣ ምጽዋ ላይ ባሕር ኃይሉና የባሕር ኃይል ኮሌጁ ተመሠረቱ። ከአሠልጣኞቹ ብዙዎቹ ኖርዌያውያን መኮንኖች ነበሩ። የዚህን ኃይል ዕድሜ እንደ አንድ ሰው ሕይወት መተረክ ብፈልግ የምመርጠው ከአድሚራሎቹ አንዱን ሳይሆን መርከቢቱን «ኢትዮጵያ»ን ነው። ከሁሉም ትልቋ እሷ ነበረች።

የተወለደችው ግን ሌላ አገር ነው። በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት ተሠርታ በጥር 1936 ዓ.ም. «ኦርካ» ተብላ አገልግሎት ጀመረች። ሥራዋ ውሃ ላይ የሚያርፉ የጦር አውሮፕላኖችን መንከባከብ ነበር፤ ነዳጅ ትሰጣለች፣ ጥገና ታደርጋለች፣ አብራሪዎቹን ታበላለች፣ ታስተኛለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ፊሊፒንስ አካባቢ ሠርታለች። ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል ነው። ጃፓን እጅ ከሰጠች በኋላ አንድ ጊዜ ጡረታ ወጣች፣ በኮሪያ ጦርነት ዘመን ተመልሳ ተጠራች፣ ከዚያ እንደገና ጡረታ ወጣች። በጥር 1954 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተሰጥታ አዲሱን ስሟን አገኘች።

ምጽዋ ላይ የሚንከባከቡት የባሕር አውሮፕላን አልነበረም። ነገር ግን ብዙ ሰው የሚያሳድር ሰፊ መርከብ ለተማሪ መኮንኖች ልምምድ ይመቻል፤ ስለዚህ የኃይሉ ትልቋ መርከብም፣ ተንሳፋፊ ትምህርት ቤትም ሆነች። በየዓመቱ በባሕር ኃይል ቀን የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የሶቪየት መርከቦች ምጽዋ ሲመጡ ንጉሠ ነገሥቱም ይወርዱ ነበር። ያን ጊዜ ከፊት የምትታየው እሷ ነች። አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም፤ የአገር ስም የተሸከመችው ይህች መርከብ ለ14 ዓመት ያህል በውሰት ነበር የቆየችው። ኢትዮጵያ በሽያጭ ሙሉ በሙሉ የወሰደቻት በ1968 ዓ.ም. በደርግ ጊዜ ሲሆን፣ በዓመቱ ደርግና አሜሪካ ተቆራረጡ።

የመርከቢቱ አለቆች ዕድሜ የእሷን ያህል አልረዘመም። የኃይሉ ምክትል አዛዥ የነበረው የራስ ደስታ ዳምጠው ልጅ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከተረሸኑት ባለሥልጣናት አንዱ ነው። ከዚያ በኋላ የሶቪየት ፈጣን ጀልባዎችና ፍሪጌቶች መጡ፤ አሮጊቷ ግን እዚያው ቀረች። የካቲት 1982 ዓ.ም. ሻዕቢያ ምጽዋን ሲይዝ ባሕር ኃይሉ ቤቱን አጣ። ግንቦት 1983 ዓ.ም. አሰብም ሲያልቅ የተረፉት መርከቦች ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሸሹ። «ኢትዮጵያ» የመን ደረሰች፤ ከዚያ ወዲያ ግን ለመጓዝ አቅም አልነበራትም። በ1985 ዓ.ም. ለብረቷ ተሸጠች። ለሁለት አገር 49 ዓመት የቆየች መርከብ ስንብት እንኳ አልተደረገላትም። አገሪቱ የባሕር በሯን በይፋ ያጣችውም በዚያው ዓመት፣ ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን ነው። የቀሩት መርከቦች በመስከረም 1989 ዓ.ም. ጅቡቲ ላይ ለጨረታ ሲወጡ፣ ከገዢዎቹ አንዷ ኤርትራ ነበረች።

መርከቦቹ ቢያልቁም ሰዎቹ ነበሩ። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን የባሕር ኃይል አባላትም ወደየአገራቸው ተመለሱ። በመርከብ ሞተር ክፍል የሠለጠነ ሰው ባሕር በሌለበት የደጋ ከተማ ምን ይሠራል? ዲዝል ሞተር የገባው ሰው የወፍጮ ቤትም፣ የጄነሬተርም፣ የጋራዥም ሰው ነው። የአድሚራሎቹ ታሪክ በመጠኑም ቢሆን ተጽፏል። የእነዚህ ሰዎች ታሪክ ግን ወፍጮ ቤቱ ውስጥ የቀረ ይመስለኛል፤ ፈላጊውም ምጽዋ ድረስ መሄድ ሳያስፈልገው እዚሁ ደጋው ላይ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

መንግሥት ባሕር ኃይሉን እንደገና እናቋቁማለን ካለ በኋላ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የመከላከያ ስምምነት ተፈርሟል። ከዚያ አስቀድሞ ግን በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም ማሠልጠኛ ተቋም ተከፍቶ ለዓለም የንግድ መርከቦች የሚሆኑ የባሕር መሐንዲሶችን ማስመረቅ ጀምሯል። ወጣቶቹ የመጀመሪያውን መርከባቸውን የሚይዙት በሊማሊሞ ወርደው ሳይሆን ከቦሌ ተነስተው፣ ቀጣሪያቸው በነገራቸው የውጭ ወደብ ነው።