የመኪና ከፍተኛ ፍጥነት ስሌት
የመኪና የፍጥነት ጣሪያ የሚወሰነው በማርሽ ምጥጥንና በሞተር ጉልበት ነው። የማርሹ ተራ ሒሳብ ነው፤ የሞተሩ የደቂቃ ዙር ለመጨረሻው ማርሽና ለዲፈረንሻሉ ምጥጥን ብዜት ተካፍሎ በጎማው ዙሪያ ይባዛል። እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹ ቮልስዋገን 1200፣ እኛ ቮልስ የምንላት፣ 34 የፈረስ ጉልበቷን የምትሰጠው በ3,600 ዙር ነው። አራተኛ ማርሿ 0.89፣ ዲፈረንሻሏ 4.375 ስለሆነ ጎማዋ በደቂቃ 925 ጊዜ ያህል ይዞራል። የጎማው ዙሪያ 2 ሜትር ቢያዝ በሰዓት 111 ኪሎ ሜትር ይመጣል፤ ፋብሪካው 115 ይላል።

አስቸጋሪው ነፋሱ ነው። እሱን ለመግፋት የሚያስፈልገው ጉልበት በፍጥነቱ ኪዩብ ስለሚያድግ፣ እጥፍ ለመፍጠን ስምንት እጥፍ ጉልበት ያሻል። ስለዚህ ጉልበት ሳይጨመር ማርሽ ቢረዝም ሞተሩ ዙሩን አይሞላም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ አየሩም በዚያው ልክ ስለሚሳሳ ግን ፍጥነቱ የሚቀንሰው ከሚጠበቀው ያነሰ ነው።