ነፋስ የገለበጣት ሄሊኮፕተር

በኪየቭ የተወለደው ኢጎር ሲኮርስኪ ቪኤስ-300 የተባለችውን ቀላል ሄሊኮፕተር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 14 ቀን 1939 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በገመድ ታስራ ከመሬት አነሣት። በዲሴምበር ወር ግን ድንገተኛ ነፋስ ገለበጣትና ተጎዳች።

ሲኮርስኪ መሣሪያዋን ይመራት የነበረው፥ የላይኛው ክንፍ በዞረ ቁጥር የያንዳንዱን ዘንግ ማዘንበል እየለዋወጠ ነበር። ከአደጋው በኋላ ይህን ትቶ በጅራቷ ላይ ሁለት ረዳት ተሽከርካሪዎች ጨመረ። እኛ ይህን ከሽንፈት አንቈጥረውም፤ ያልተገራች በቅሎ የሚጋልብ ሰው ልጓሙን ቢያሳጥር ማን ይነቅፈዋል? በሜይ 13 ቀን 1940 ያለ ገመድ በረረች፤ በሜይ 6 ቀን 1941 ደግሞ 1 ሰዓት ከ32 ደቂቃ በአየር ላይ ቆይታ ቀድሞ በጀርመን ሄሊኮፕተር ተይዞ የነበረውን ክብረ ወሰን ሰበረች።

በዲሴምበር 1941 ሲኮርስኪ ወደ ተወው ዘዴ ተመለሰ፤ ረዳቶቹም ተነሥተው በጅራቷ አንዲት ትንሽ ተሽከርካሪ ብቻ ቀረች።