ባንክ መቀየር ለምን ጣጣ ሆነ? ከጠገራ ብር እስከ ሂሳብ ቁጥር

የመጀመሪያ ሥራችሁን አገኛችሁ እንበል። መሥሪያ ቤቱ ፎርም ያስሞላችሁና «ደሞዝ የሚገባው በዚህ ባንክ ነው፣ ሂሳብ ከፍታችሁ ኑ» ይላችኋል። ትከፍታላችሁ። አምስት ዓመት ያልፋል። ወረፋው ያሰለቻችኋል፣ በደሞዝ ቀን «ሲስተም የለም» መባል ለምዳችሁታል፣ እናንተ ግን እዚያው ናችሁ። ጓደኛ «ታዲያ ለምን አትቀይሩም?» ሲል መልሱ አንድ ነው፦ «ኧረ ማን ጣጣውን ይችለዋል!»

ይህ ጣጣ ከየት መጣ? ስንፍና ብቻ ነው እንዳንል ታሪኩ ሌላ ነገር ይነግረናል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ገንዘብ ያለ ባንክ

ባንክ ከመምጣቱ በፊት አያት ቅድመ አያቶቻችን የሚገበያዩት በጠገራ ብር ነበር፤ በኦስትሪያዋ ንግሥት በማሪያ ቴሬዛ ምስል የተቀረጸው፣ 1780 የሚል ዓመት ያለበት የብር ሳንቲም። ጠገራ ይከብዳል፣ ይሰረቃል፣ ቢቀበር ወለድ አይወልድም። አንድ ጥቅም ግን ነበረው፦ ሐረርም ጎንደርም ብትሄዱ ያው ነው። የማንም ተቋም መዝገብ ውስጥ ስላልሆነ «ልቀይር» የሚባል ነገር አልነበረም።

በየካቲት 1906 (1898 ዓ.ም.) ዳግማዊ ምኒልክ የአቢሲኒያ ባንክን መርቀው ከፈቱ። ባንኩ በእንግሊዞች እጅ ከነበረው የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ስምምነት የተቋቋመ ሲሆን፣ የ50 ዓመት ብቸኛ መብት ተሰጥቶት ነበር። ያም ማለት ደንበኛው ቅር ቢለው የሚሄድበት ሁለተኛ በር የለም። ባንኩ በ1915 የወረቀት ገንዘብ ሲያወጣ ብዙ ሰው ወረቀቱን አላመነውም፤ ጠገራውን መረጠ። የዚያ ዘመን «ባንክ መቀየር» ይህ ነበር ማለት ይቻላል፦ ከባንክ ወደ ማሰሮ!

ደንበኛው ሳይሄድ ባንኩ ሲቀየር

የ50 ዓመቱ ውል ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሄደው። በ1931 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባንኩን ገዝተው የኢትዮጵያ ባንክ አደረጉት። በ1936 የጣሊያን ወረራ ሲመጣ እሱም ተዘጋ። ከነፃነት በኋላ በ1943 የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሥራ ጀመረ፤ ገንዘብ የማተሙንም ከሕዝብ ጋር የመገበያየቱንም ሥራ አንድ ላይ ይዞ። በ1963 በወጣው ሕግ ይህ ባንክ ለሁለት ተከፈለና ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ተወለዱ። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ባንክ የተባለ የግል አክሲዮን ባንክ ብቅ አለ፤ የጣሊያኖቹ ባንኮ ዲ ሮማና ባንኮ ዲ ናፖሊም ነበሩ። አንድ ነጋዴ «እዚህ ካላስተናገዱኝ እዚያ እሄዳለሁ» ማለት የቻለው በዚህ ጊዜ ነው።

ግን አልቆየም። በጃንዋሪ 1975 ደርግ ባንኮቹን ወረሰ። ሦስቱ የግል ባንኮች ተጨፍልቀው አዲስ ባንክ ሆኑ፤ በ1980 ደግሞ እሱም ከንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ። እንግዲህ አስቡት፦ በ1970 አዲስ አበባ ባንክ ደብተር ያወጣ ሰው በ10 ዓመት ውስጥ አንድም ፎርም ሳይሞላ የሦስተኛ ባንክ ደንበኛ ሆነ። ባንኩ ተቀየረ፣ መራጩ ግን እሱ አልነበረም።

በሩ እንደገና የተከፈተው በ1994 የግል ባንኮችን በፈቀደው አዋጅ ነው። አዋሽ ባንክ ቀዳሚው ሆነ፣ ሌሎች ተከተሉ። ስለዚህ «የቱ ባንክ ይሻለኛል?» የሚለው ጥያቄ ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ገና የአንድ ትውልድ ዕድሜ ነው ያለው።

ምርጫ አለ፣ መንገዱስ?

ባንክ መብዛቱ ብቻውን ግን ጣጣውን አያጠፋውም። የምጣኔ ሀብት ምሁራን ለጣጣው ስም አላቸው፦ የመቀየሪያ ወጪ። ወጪው ብር ብቻ አይደለም፤ ወረፋው፣ አዲሱን ቁጥር ለሁሉም መንገሩ፣ «ደሞዜ ቢጠፋስ?» የሚለው ስጋት ሁሉ ይቆጠራል። ፖል ክሌምፐረር በ1987 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ይህ ወጪ ባለበት ገበያ ድርጅቶች አዲስ ደንበኛ ለመያዝ ይሽቀዳደማሉ፤ ከያዙት በኋላ ግን እንደማይሄድ ያውቃሉ። ባንኮች ተማሪዎችንና ጀማሪ ሠራተኞችን አጥብቀው የሚፈልጉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የመጀመሪያ ሂሳባችሁ ብዙ ጊዜ የረጅም ዘመን ሂሳባችሁ ይሆናል።

ይህን ወጪ በሕግና በቴክኖሎጂ ለመቀነስ የሞከረች አገር ብሪታንያ ናት። እዚያ ደሞዝ የሚገባበት ሂሳብ የቤት ኪራይም፣ መብራትም፣ ስልክም በራሱ የሚከፈልበት ነው። ባንክ የሚቀይር ሰው እነዚህን ትእዛዞች ማዛወር ነበረበት፤ ነገሩም ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ከ2008ቱ የፋይናንስ ቀውስ በኋላ በጆን ቪከርስ የተመራ ኮሚሽን በ2011 ለውጥ እንዲደረግ መከረ። በሴፕቴምበር 2013 የተጀመረው አገልግሎት ሁሉንም በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ያዛውራል፤ በስህተት ወደ አሮጌው ቁጥር የተላከ ገንዘብም ወደ አዲሱ ይመራል። ታዲያ ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ቀየረ? አልቀየረም። በዓመት የሚቀይረው ሰው 1 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ሂሳቦቹ ግን በብዙ አስር ሚሊዮኖች ይቆጠራሉ። መንገዱ ቢጠረግም ሰው «ሁሉም ያው ነው» ብሎ ካመነ አይነሳም።

ታዲያ ይበጃል ወይስ አይበጅም?

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ አዛዋሪ የለም፤ ሥራው በእናንተ እጅ ነው። እስቲ እናስላው። ቁጠባችሁ 10,000 ብር ነው እንበል። አንዱ ባንክ 7 በመቶ፣ ሌላው 7.5 በመቶ ቢከፍል ልዩነቱ በዓመት 50 ብር ነው። ለ50 ብር ግማሽ ቀን ወረፋ መቆም አያዋጣም። ቁጠባው 500,000 ከሆነ ግን ልዩነቱ 2,500 ብር ይሆናል፤ ያኔ ነገሩ ሌላ ነው። መታየት ያለበት ወለድ ብቻም አይደለም፦ ቅርንጫፉ ቅርብ ነው? መተግበሪያው በሚያስፈልግበት ቀን ይሠራል? ብድርስ ያሰባችሁ እንደሆነ፣ የሂሳባችሁን እንቅስቃሴ የሚያውቀው ባንክ የቱ ነው? ይህን ትውውቅ ትቶ መሄድም ወጪ ነው።

ደግነቱ መቀየር ማለት የግድ መዝጋት ማለት አይደለም። በ2011 የተቋቋመው ኢትስዊች ባንኮችን ስላገናኘ፣ የአንዱን ካርድ በሌላው ኤቲኤም መጠቀም፣ ከባንክ ባንክም ማስተላለፍ ይቻላል። ስለዚህ አዲሱን ክፈቱ፣ ጥቂት ብር አስገቡ፣ ሁለት ሦስት ወር ሞክሩት። ከተመቻችሁ መሥሪያ ቤታችሁ ደሞዙን ወደ አዲሱ ያዛውርላችሁ እንደሆነ ጠይቁ። የድሮውን የምትዘጉት የመጨረሻ ደሞዝ አዲሱ ውስጥ መግባቱን በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ ነው።

በ2024 መጨረሻ ፓርላማው የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅድ ሕግ አጽድቋል፤ በሮቹ ሊበዙ ነው ማለት ነው። በ1980 የነበረው የባንክ ደንበኛ ቅር ቢለው የሚያንኳኳው ሌላ በር አልነበረውም። እናንተ አላችሁ። አስልታችሁ «አያዋጣም፣ እቆያለሁ» ብትሉም መልካም ነው፤ ሳታሰሉ ከቆያችሁ ግን የመረጠላችሁ ያ የመጀመሪያ ቀን ፎርም ነው።