የመኪና ገጽታ እንደ ታሪክ ሰነድ፦ የሞሪስ ማይነር ቅጂዎች፣ 1948–1971



እኛ የታሪክ ሰዎች ሰነድ ስንል አብዛኛውን ጊዜ ወረቀት ማለታችን ነው። ዛሬ ግን ከብረትና ከመስታወት የተሠራ ሰነድ አብረን እንድናነብ እጋብዛችኋለሁ፤ ሞሪስ ማይነር የተባለችውን የእንግሊዝ መኪና።

አሌክ ኢሲጎኒስ የነደፋት ይህች አነስተኛ የቤተሰብ መኪና ለሕዝብ የቀረበችው እ.ኤ.አ. በ1948 በለንደኑ የኧርልስ ኮርት የመኪና ትርኢት ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የአንድ ሊቅ የአእምሮ ፍሬ ተደርጋ ትወሳለች። ቅጂዎቿን በቅደም ተከተል ስናስተያይ ግን የብዙዎችን አሻራ እናገኛለን።

የመጀመሪያው አሻራ የነዳፊው የራሱ ነው። ምርቱ ሊጀመር ሲቃረብ ኢሲጎኒስ መኪናዋ ጠበበችብኝ በማለት ናሙናዋን ከፊት እስከ ኋላ ለሁለት አስከፈለና ግማሾቹን 4 ኢንች አራራቃቸው። በኮፈኑ መካከል ከፍ ብሎ የሚታየው መስመር የዚያ ውሳኔ ምልክት ነው። አስቀድመው የተመረቱት ፓራውልቶችም መሐል ለመሐል ተቆርጠው በቅጥያ ተያያዙ።

ሁለተኛው የውጭ ገበያ አሻራ ነው። ብሪታንያ ከጦርነቱ የወጣችው ዕዳ ተሸክማ ስለነበር፣ መንግሥት ብረት ሲያከፋፍል ምርታቸውን ወደ ውጭ ለሚልኩ ፋብሪካዎች ቅድሚያ ይሰጥ ነበር። ኤም ኤም በተባለው የመጀመሪያ ቅጂ የፊት መብራቶቹ ከራዲያተሩ መከለያ ግራና ቀኝ ዝቅ ብለው ተተክለዋል። የአሜሪካ ደንብ ግን ከዚያ ከፍ ያለ መብራት ጠየቀ። ስለዚህ መብራቶቹ በመጀመሪያ ወደ አሜሪካ በሚላኩት፣ ቀጥሎም በሁሉም መኪኖች ላይ ወደ ፓራፋንጎው ከፍ አሉ። መኪናዋ በምትመረትበት በኦክስፎርድ የሚኖረው ገዢ ሳይቀር የሌላ አገር ደንብ የቀረጸውን ፊት ተቀበለ።

ሦስተኛው አሻራ ከኮፈኑ ሥር የተሸሸገ ነው። ኤም ኤም ከጦርነቱ በፊት ከነበረው ሞሪስ 8 የተወረሰ 918 ሲሲ ሞተር ነበራት። በ1952 ሞሪስን ያቀፈው የናፊልድ ድርጅት ከተቀናቃኙ ከኦስቲን ጋር ተዋሐደ፤ ሁለተኛዋ ቅጂም የኦስቲንን 803 ሲሲ ሞተር ተሸከመች። በ1956 በወጣችው ሞሪስ ማይነር 1000 ደግሞ መሐሉ የተከፈለው ዝርግ የፊት መስታወት በአንድ ወጥ ጎባጣ መስታወት ተተካ፤ ሞተሩም ወደ 948 ሲሲ አደገ።

ይህ ሁሉ ቀጥ ያለ የዕድገት ጉዞ ይመስላል። ነገር ግን ከ1953 ጀምሮ የተመረተችው ትራቭለር የኋላ አካሏ በአሽ እንጨት የተዋቀረ ነበር። መደበኛዋ ማይነር በ1970 ስትቆም፣ ይህች የአናጺ እጅ ያረፈባት እስከ 1971 ዘለቀች። አሮጌው አሠራር አዲሱን ቀድሞ ይሞታል የሚለው ግምታችን እዚህ ላይ አይሠራም።

ውድ ተማሪዎች፣ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ የተመረተችውን ይህችን መኪና «ማን ነደፋት?» ብለን ብቻ ብንጠይቅ መልሱ አንድ ስም ይሆናል። «እያንዳንዱን ለውጥ ምን አስገደደው?» ብለን ስንጠይቅ ግን ዕዳው፣ ደንቡ፣ ውሕደቱና የአናጺው ሙያ ይገለጡልናል። ቁስን እንደ ሰነድ ማንበብ የሚጀምረው ከዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ነው።